ድኻነቱን ያላስረዳ ድኻ

በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት ክፍያ መወደድ ብዙ ተጽፏል፤ መወደዱንም የሚክድ የለም። እኔ ዛሬ የማነሣው ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም ለድኻ ተማሪ ተብሎ በሕግ የተመደበ ገንዘብ እያለ ድኻው ተማሪ ሳይወስደው መቅረቱ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለዚህ የተተረተ ይመስላል፤ ልዩነቱ ይህች ላም ያለችው በሰማይ ሳይሆን እዚሁ ዋሽንግተን ከተማ መሆኑና በየዓመቱም በእርግጥ የምትታለብ መሆኗ ነው።

ከመነሻው እንጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርትን ሕግ የፈረሙት ኖቬምበር 8 ቀን 1965 ዓ.ም. በቴክሳስ፣ በሳን ማርኮስ ከተማ፣ ራሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ ውስጥ ነበር። ሰውየው ተማሪ ሳሉ ገንዘብ አጥሯቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ኮቱላ በምትባል ከተማ የድኾች ሜክሲካውያንን ልጆች አስተምረዋልና ጉዳዩን የሚያውቁት በወሬ አልነበረም። በ1972 ለችግረኛ ተማሪ በቀጥታ የሚሰጥ ርዳታ በሕጉ ላይ ተጨመረ፤ በ1980 ደግሞ ርዳታው በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም ተሰየመ። ብድር አይደለም፤ አይመለስም። በ2024-25 የትምህርት ዘመን ትልቁ መጠን 7,395 ዶላር ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ትልቁ የፔል ርዳታ በመንግሥት የአራት ዓመት ኮሌጅ ለመማር የሚያስፈልገውን ወጪ ከሦስት አራተኛ በላይ ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ይህ ራሱን የቻለ ክስ ነውና ለሌላ ቀን ይቆየን። ቢሆንም በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚማር ልጅ ይህ ገንዘብ በአብዛኛው ቦታ የትምህርቱን ክፍያ ችሎ ለመጽሐፍና ለአውቶቡስ ይተርፋል። ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲጠብቅ በሚያድር ልጅና ሌሊቱን ሲያጠና በሚያድር ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ርዳታውን ለማግኘት የሚሞላው ቅጽ ፋፍሳ ይባላል። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል «ነጻ» ማለት ነው፤ ሆኖም ይህንኑ ነጻ ቅጽ ሞልተው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች አልጠፉም። ናሽናል ኮሌጅ አቴይንመንት ኔትወርክ የተባለው ድርጅት እንደ ገመተው፣ በ2022 ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሱት ተማሪዎች መካከል የፔል ርዳታ ይገባቸው የነበሩት ቅጹን ባለመሙላታቸው ብቻ ወደ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ሳይወስዱ ቀርተዋል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «የፈለገ ያገኘዋል፤ ያልወሰደ ሰነፍ ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ቅጹን አባታቸው የሞሉላቸው ናቸው። ለመሆኑ ቅጹን አይተውታል? ቀድሞ ከመቶ በላይ ጥያቄዎች ነበሩት። ኮንግረስ በዲሴምበር 2020 እንዲያጥር ሕግ አወጣ፤ አዲሱም ቅጽ በእርግጥ አጭር ነው። ነገር ግን እንደ ልማዱ በኦክቶበር 2023 መከፈት ሲገባው የተከፈተው በዲሴምበር መጨረሻ ነበር። ወላጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ተማሪ ቅጹን ሊጨርሰው አልቻለም። ኮሌጆችም የተማሪዎቹን መረጃ ማግኘት የጀመሩት በማርች 2024 ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ርዳታ ፍለጋ ከተደወሉት 5.4 ሚሊዮን ጥሪዎች መካከል 4 ሚሊዮኑ መልስ ሳያገኙ እንደ ቀሩ የኮንግረሱ መርማሪ መሥሪያ ቤት በሪፖርቱ አስታውቋል። ይህ በአገራችን ደጅ መጥናት ይባላል፤ በአገራችን ግን ቢያንስ ደጁ ላይ አንድ ዘበኛ ይገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅጹ መሻሻሉን አልክድም። በዚያ ዓመት ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ የቆረጠው ልጅ ግን ከገባበት ሥራ ማን ይመልሰዋል?

እንደ እኔ አስተያየት ዋናው ችግር የጥያቄዎቹ ብዛት አይደለም። ቅጹ የሚያውቀው ቤተሰብና የኛ ቤተሰብ አለመገጣጠማቸው ነው። ዕድሜው 24 ያልሞላ ተማሪ ካላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ ከሌለው፣ በውትድርና ካላገለገለ፣ ወላጆቹ ካልሞቱበት ወይም እነዚህን ከመሳሰሉ ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ከሌለው በወላጆቹ ሥር እንዳለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የወላጆቹን ገቢ ማስታወቅ ግዴታው ነው። ወላጅ ማለት ደግሞ በቅጹ ቋንቋ የወለደ፣ ወይም በሕግ በጉዲፈቻ የወሰደ፣ ወይም ከወላጅ ጋር በጋብቻ የሚኖር ነው። አክስት ወላጅ አይደለችም። አጎትም አይደለም። አያት እንኳ ልጁን ከአራስ ቤት ጀምራ ብታሳድገው አይደለችም። እስቲ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ካሉት ታናናሾቻችን መካከል በአክስት ወይም በአጎት ቤት ያደገው ስንት እንደ ሆነ እያንዳንዳችን እናስብ።

ምሳሌ ላንሣ። አንድ አባት ዲቪ ደርሶት ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ኑሮው አልሆን ሲለው ልጁን እኅቱ ዘንድ አስቀምጦ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። አክስትየዋ ልጁን ከ11 ዓመቱ ጀምሮ አብልታ፣ አልብሳ፣ በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝታ ታሳድገዋለች። ልጁ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ ቅጹን ይከፍትና ወላጅ በሚለው ቦታ ላይ የአክስቱን ስም ይጽፋል፤ ማንን ይጻፍ? አክስትየዋ ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ገቢዋ ሲደመር ከፍ ያለ ይሆንና ለልጁ ርዳታ እንደማይገባው ወይም ትንሽ ብቻ እንደሚገባው መልስ ይመጣል። ልጁም ቅጹን ዘግቶ ሥራ ይፈልጋል። የሚያሳዝነው ሕጉ ጎጂው ሳይሆን ጠቃሚው መሆኑ ነው! የአክስቱ ገቢ ከቁጥር አይገባም። የሚገባው የአባቱ ገቢ ነው፤ አባቱ ደግሞ የሚያገኘው ብር ወደ ዶላር ሲለወጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደንቡን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ልጅ ምናልባት ሙሉውን ርዳታ ያገኝ ነበር። ያጣው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ምሽትና አንድ ሰው ነው።

እርግጥ ነው፤ ደንቡን ቢያውቅም መንገዱ አልጋ በአልጋ አይሆንለትም። አዲሱ ሕግ ገቢው የሚጠየቀው ሰው ሁሉ የየራሱን የኢንተርኔት መዝገብ እንዲከፍትና ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት መረጃውን እንዲያስተላልፍ ፈቃዱን እንዲሰጥ ያዛል። አንዱ ፈቃድ ከነሣ ተማሪው የቱንም ያህል ችግረኛ ቢሆን የፌዴራል ርዳታ አያገኝም። ወላጁ ልጁን ለመርዳት እምቢ ማለቱም ብቻውን ልጁን ራሱን እንደ ቻለ አያስቆጥረውም። ከወላጆቹ ጋር በእውነት የተቆራረጠ፣ በደል ደርሶበት የሸሸ ወይም አድራሻቸውን የማያውቅ ተማሪ ለኮሌጁ የገንዘብ ርዳታ ቢሮ ሁኔታውን አስረድቶ ከወላጅ መረጃ ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ይህ መብት መኖሩን ግን ከመቶው ተማሪ አንዱ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ባህልም እንናገር። በኛ ቤት አባት ደመወዙን ለልጁ አይነግርም። ገመና ነው። ታክሲ የሚነዳው አባት ልጁ «ያለፈው ዓመት ገቢህ ስንት ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው ነገሩ ድፍረት ይመስለዋል፤ ለአሜሪካን መንግሥት እንዲነግርለት ሲለምነው ደግሞ ጥርጣሬ ይጨመርበታል። ይህን አባት አልነቅፈውም። ቅጹ ያገኘውን እንጂ የሰጠውን አይጠይቀውም። ለእናቱ መድኃኒት ጎንደር የላከው፣ ለእኅቱ ልጆች የቤት ኪራይ ብሎ የላከው፣ ለለቅሶ ያዋጣው በቅጹ ላይ የሚጻፍበት መሥመር የለም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከኑሮው ይልቅ ሀብታም ሆኖ ይታያል። ደግሞም ቅጹ የሚያየው የዛሬውን ሳይሆን የሁለት ዓመት በፊቱን ገቢ ነው፤ ባለፈው ክረምት ከሥራ የወጣች እናት አሁንም እንደ ሠራተኛ ትቆጠራለች። ኮሌጁ አቤቱታ ተቀብሎ ሊያስተካክለው ሥልጣን አለው። አቤት የሚል ግን አቤት ማለት እንደሚቻል የሚያውቅ ነው።

ከዚህም ሌላ የሐሰት ወሬ አለ። «ዜጋ ካልሆንክ አይሰጥህም» የሚለውን ወሬ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ግሪን ካርድ የያዘ ሰው፣ በዲቪ ይምጣ በቤተሰብ፣ የፌዴራሉን ርዳታ ሊጠይቅ መብት አለው። የጥገኝነት ጥያቄ አቅርቦ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ግን መብት የለውም፤ ይህንንም ደብቆ ተስፋ መስጠት ኃጢአት ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ልጅቱ ግሪን ካርድ ይዛ እናትየዋ ወረቀት ሳይኖራት የሚኖሩበት ቤት ደግሞ አለ። ሕጉ በቅጹ ላይ የተሰጠ መረጃ ለርዳታ ጉዳይ ብቻ ይዋል ይላል። ነገር ግን በኤፕሪል 2025 ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትና የኢሚግሬሽን ባለሥልጣኖች መረጃ ለመለዋወጥ ስምምነት መፈራረማቸውን የሰማች እናት ብትፈራ ፍርሃቷ ከየት መጣ አይባልም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ «ዝም ብላችሁ ሙሉ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ መዘዙ ግን በመካሪው ላይ አይመጣም። ጠበቃ ሳያነጋግሩ እንዳይሞሉ መንገር ይሻላል።

ቅጹ ተሞልቶ ካለቀ በኋላም ቢሆን ነገሩ አያበቃም። ኮሌጁ ለማጣራት ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ሊል ይችላል። ለብዙ ዓመታት ለዚህ ማጣራት በብዛት ሲመረጡ የኖሩት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ በየመካከሉም ስልችት ብሏቸው የተዉት ብዙ ናቸው። ሀብታም ሀብቱን አስረድቶ እስኪያምኑት ወንበር ላይ የሚጠብቅበት ቢሮ እስካሁን አላየሁም። ከዚያ የሚመጣው የኮሌጁ ደብዳቤ ነው። ርዳታውንና ብድሩን በአንድ ዓምድ ደርድሮ በመጨረሻው «የተሰጠህ» ብሎ ይደምረዋል። የኮንግረሱ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2022 እንዳመለከተው ከመቶ 91 የሚሆኑት ኮሌጆች በደብዳቤያቸው ተማሪው በእርግጥ የሚከፍለውን ወጪ ወይ ጨርሶ አይጽፉም፣ ወይም አሳንሰው ይጽፋሉ። ብድርን ስጦታ ብሎ የሚጠራ ነጋዴ በኛ ገበያ ቢገኝ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል።

ርዳታው በየዓመቱ እንደ አዲስ መጠየቅ እንዳለበትም ብዙዎቻችን አናውቅም። ወላጆቻችን የሚያውቁት የአገር ቤቱን ሥርዓት ነው፤ ፈተናውን ያለፈ ልጅ መንግሥት ይመድበዋል፣ ከ2003 ወዲህም የወጪ መጋራቱን ውል ፈርሞ ይገባል፤ በየዓመቱ ድኻነትህን አድስ አይባልም። በዚህ አገር ግን ቤንጃሚን ካስልማንና ኬሊ በርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ገመቱት፣ በመጀመሪያ ዓመታቸው ፔል ከሚያገኙና ውጤታቸውም ደኅና ከሆነ ተማሪዎች መካከል ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት በሁለተኛው ዓመት ቅጹን አይሞሉም። እነዚህ ሰነፎች አይደሉም፤ ፈተናቸውን አልፈዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የማኅበራችን ልማድ የታወቀ ነው፤ ችግር ሲነሣ ወረቀት እናባዛለን። ስለዚህ ቅጽ የሚናገር ወረቀትም በአማርኛ ተባዝቶ በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በዋሽንግተን ከተማ ከ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በአማርኛ ማስታወቂያ ያወጣሉ። ወረቀት አላጣንም። ወረቀት ብቻውን ምን ያህል እንደሚረዳ ግን በሚገባ ተፈትኗል። በ2008 ኤሪክ ቤቲንጀር፣ ብሪጅት ቴሪ ሎንግና ባልደረቦቻቸው በኦሃዮና በሻርሎት ከተማ ኤች ኤንድ አር ብሎክ በተባለው የግብር ሒሳብ ድርጅት ቢሮዎች ውስጥ አንድ ሙከራ አደረጉ። ግብራቸውን ለማሠራት የመጡትን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች በዕጣ ከፈሏቸው። ለአንዳንዶቹ የሒሳብ ሠራተኛው እዚያው በግብር ወረቀታቸው ላይ ተመሥርቶ ፋፍሳውን በጥቂት ደቂቃዎች ሞላላቸው፤ ለሌሎቹ ምን ያህል ርዳታ እንደሚገባቸው ተነግሯቸው ቅጹን ራሳቸው እንዲሞሉ ተተዉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት የኮሌጅ ዓመት የጨረሱት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቅጹ ባልተሞላላቸው ዘንድ ከመቶ 28 ሲሆኑ በተሞላላቸው ዘንድ 36 ሆኑ። መረጃ ብቻ በተሰጣቸው ላይ ግን የሚታይ ለውጥ አልተገኘም። የኛን ወረቀት የማባዛት ልማድ ከዚህ የበለጠ የሚፈርድበት ማስረጃ አላውቅም።

ሌላም አለ። የሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ጀምሮ ጎበዝ ለሆኑ ችግረኛ ተማሪዎች «ከተቀበልንህ አራት ዓመት የትምህርት ክፍያ የለብህም፤ ለዚህም ቅጽ መሙላት አያስፈልግህም» የሚል ደብዳቤ ወደየቤታቸው ላከ። ከነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ ቀድሞም ቢያመለክቱ ይህንኑ የሚያህል ርዳታ ያገኙ ነበር። ደብዳቤው ካልደረሳቸው ከመቶ 26 ሲያመለክቱ ከደረሳቸው 68 አመለከቱ፤ የገቡትም ከ12 ወደ 27 ከፍ አሉ። ይህ ደብዳቤ ከኛ ወረቀት የሚለየው «ልታገኝ ትችላለህ» ሳይሆን «ተሰጥቶሃል» በማለቱ ነው። መንግሥት የሰውን ገቢ አስቀድሞ በግብር መዝገቡ ያውቃል፤ ታዲያ ለየተማሪው እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ለምን አይልክም? የማኅበራችን መሪዎች ለኮንግረስ አባሎች በሚጽፉት ደብዳቤ ይህን ጥያቄ እንዲጨምሩበት አሳስባለሁ። መልሱ እስኪመጣ ግን ብዙ ልጆች ኮሌጅ ሳይገቡ ያልፋሉ።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለዘመን መለወጫ ምሽት ከምናወጣው ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይነካም፤ ከበሮውም ይመታ። ነገር ግን ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል ይለመን። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚችሉ ስድስት ተማሪዎች በተራ ይቀመጡ፤ አስቀድመውም የኮሌጁን የርዳታ ቢሮ ሠራተኛ ለአንድ ምሽት ጋብዘው ስለ አክስትና ስለ አጎት ጉዳይ፣ ስለ አቤቱታ፣ ስለ ግሪን ካርድ ደንቡን ይማሩ። የሚመጣው ተማሪ ወላጁን ወይም የወላጁን ስልክ፣ የሁለት ዓመት በፊቱን የግብር ወረቀትና ግሪን ካርዱን ይዞ ይምጣ። የሰው ገመና የሚያይ ሁሉ ያየውን እንዳያወራ አስቀድሞ ቃል ይግባ፤ ቃሉን ያፈረሰ ከማኅበሩ ይሰናበት። ባለፈው ዓመት የሞሉትንም ዝርዝር ይዘን በፌብሩዋሪ ስልክ እንደውልላቸው። ወላጁ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ከመጣ ደግሞ ማታ በዚህ ሲሆን በዚያ ሌሊት ነውና ለርሱ የቅዳሜን ጠዋት መመደብ ያስፈልጋል፤ ለቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ስም እኔ አስመዝግቤአለሁ፤ አምስት ይቀራል።